ጀልባ ለአሬሮ

በበጎ አድራጎት ክበቦች ላይ የሚያላግጥ ሰው በዝቷልና ዛሬ እኔ ጠበቃቸው ልሁን። ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ነገሌ ቦረና የሚገባ አንድ የክበብ አባል አለ እንበል። በመጀመሪያው ቀን አቧራውን ይታጠባል። በሁለተኛው ቀን ወደ አሬሮ ቆላ ወርዶ አንድ የውሃ ማጠራቀሚያ ሮቶ ያስረክባል። በሦስተኛው ቀን ብርቱካንማ ላይፍ ጃኬቱን አጥብቆ ገናሌ ላይ በጎማ ጀልባ ሲንሳፈፍ ይውላል። ሐሜተኛ ሁሉ የሚረባረበው በዚህች በሦስተኛዋ ቀን ላይ ነው፤ «ሕዝብ ውሃ ተጠምቶ እሱ በውሃ ይጫወታል» ይባላል። በደል ነው። ከሦስቱ ቀናት ነቀፋ የማይገባት ብትኖር ይህችው የጀልባዋ ቀን ነች። ጀልባ ላይ የወጣ ሰው ለመዝናናት እንደመጣ አይደብቅም፤ መቅዘፊያውን የሚይዘውም ራሱ ነው። ወንዙ የክበቡ ፕሬዚዳንት ማን እንደሆነ ሳይጠይቅ ሁሉንም እኩል ያረጥባል። አጨብጭብ ተብሎ ከከብቱ ኋላ የሚጠራ አርብቶ አደርም የለም። ጉዱ ያለው ሁለተኛው ቀን ላይ ነው።

እስቲ ያንን ቀን ቀረብ ብለን እንየው። ጥቁሩ ሮቶ የድንጋይ መደብ ላይ ተቀምጧል፤ ሆዱ ላይ የተለጠፈው የክበቡ አርማ ከቧንቧው አፍ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ከፊቱ ቀይ ሪባን ተወጥሯል። ሴቶች ቢጫ ጀሪካናቸውን ደርድረው ከማለዳ ጀምሮ ቆመዋል፤ ሪባኑ ሳይቆረጥ ቧንቧ መክፈት ነውር ነውና ውሃው ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ሆኖ ይጠብቃሉ። ሞንታርቦው «ሄሎ፣ ቴስት» ይላል። ባነሩን ነፋስ እንዳይወስደው ሁለት ሕፃናት ጫፍና ጫፉን ይዘዋል። ንግግሩ በአማርኛ ተጀምሮ በእንግሊዝኛ ያልቃል፤ ኦሮምኛው ለአስተርጓሚው ተትቷል። አስተርጓሚውም የሃያ ደቂቃውን ንግግር «ውሃ አምጥተውላችኋል» ብሎ በአንድ ትንፋሽ ይጨርሰዋል፤ በዕለቱ ከተነገረው ሁሉ እውነተኛው ንግግር የእሱ ነው። እንግዶቹ በዚህ መሐል የታሸገ ውሃቸውን ይጎነጫሉ። ከዚያ መቀስ፣ ጭብጨባ፣ ፎቶ። እንደገና ፎቶ፤ አንዱ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር።

ይህን ሥርዓት ያወጣው ማን እንደሆነ አላውቅም እንጂ የክበቦቹ መሥራቾችስ እንዲህ አልነበሩም። የዘመናችን የአገልግሎት ክበቦች በኩር ሮታሪ ነው፤ ጠበቃው ፖል ሃሪስ እ.ኤ.አ. በ1905 ቺካጎ ውስጥ ከጥቂት ወዳጆቹ ጋር መሠረተው። ስሙ የመጣው ስብሰባው በአባላቱ መሥሪያ ቤቶች በተራ ይዞር ስለነበር ነው። የመጀመሪያ የማኅበረሰብ አገልግሎታቸውም ቺካጎ ውስጥ የሕዝብ መጸዳጃ ቤት እንዲሠራ ማድረግ ነበር። መጸዳጃ ቤት! ደጃፉ ላይ ቆሞ ፎቶ መነሳት የማያስጎመጅ፣ ሪባን ቢቆርጡለት መጀመሪያ ማን ይግባ የሚያሰኝ፣ ጥቅሙ ግን የማይካድ ሥራ። ማኅበሩ ሲያድግ የመገኘት ደንብም ወጣ። ከራሱ ክለብ ስብሰባ የቀረ አባል ሌላ ከተማ ባለ ክለብ ስብሰባ ላይ ተገኝቶ ቀሪውን እንዲያካክስ ተፈቀደለት። አንድ ሰው ናይሮቢ ላይ ምሳ በልቶ ለአዲስ አበባው ምሳ እንደተገኘ የሚቆጠርበት ጥበብ ነው፤ ብዙ ሃይማኖት ይህን ያህል አይምርም።

ታዲያ ተራ መዞር ለቦረና አዲስ ነገር አይደለም። ክበቡ ስብሰባን በተራ ሲያዞር ቦረና ውሃን በተራ ያዞራል። ቱላ ከሚባሉት ዘጠኙ ኤላዎች፣ ማለትም የውሃ ጉድጓዶች፣ አንዳንዶቹ 30 ሜትር ድረስ ይጠልቃሉ። ከታች ውሃው ዘንድ ያለው ሰው ኦኮሌ በሚባለው ባልዲ ቀድቶ ወደ ላይ ይወረውራል፤ ከበላዩ እርከን ላይ የቆመው ይቀበልና ለሚቀጥለው ያቀብላል፤ በሌላው እጁ ባዶውን ኦኮሌ ወደ ታች ይመልሳል። ሥራው በዘፈን ይመታል፤ ዘፈኑ ከተዛነፈ እጅም ይዛነፋል። ከላይ በጭቃ የተለሰነው ገንዳ ሲሞላ ከብቱ በተቆፈረው መውረጃ ተሰልፎ ይገባል፤ ጠጥቶም ይወጣል። የማን ከብት በየትኛው ቀን፣ ከማን ቀጥሎ እንደሚጠጣ የሚወስነው አባ ሄሬጋ ነው። በበጋ ጫፍ ከብቱ ውሃ የሚያገኘው በየሦስት ቀኑ ነውና ተራ የተዛባበት ሰው ምን እንደሚያጣ ያውቃል። እዚያ እርከን ላይ ቀሪ ማካካሻ የለም። አንድ ሰው ቢቀር ኦኮሌው ተመልሶ የሚወድቀው ከታች ባለው ሰው ራስ ላይ ነው።

የአባልነት መዋጮም አለ። ድርቅ ወይም ዘረፋ ከብቱን የጨረሰበት ቦረና ጉዳዩን ለጎሳው ጉባኤ ያቀርባል። እንዴት እንደደኸየ ይጣራል፤ ከዚያም ቡሳ ጎኖፋ በሚባለው የመረዳዳት ሥርዓት ከዘመዱ ከብት ይዋጣለታል። ተቀባዩ ተመጽዋች አይባልም፤ ነገ በተራው ሰጪ ነው። ሰጪውም የሚደርሰው ሰርተፍኬት የለም። ምስጋናው በሚቀጥለው ድርቅ አለመሞት ነው። የኦሮሚያ ክልል በቅርብ ዓመታት ይህንኑ ሥርዓት በአዋጅ መሥሪያ ቤት አድርጎ አቋቁሞታል። ርክክብም ቢሆን ቦረና ያውቃል። በየካቲት 2017 ዓ.ም. አሬሮ ውስጥ ባዳሳ በተባለው ስፍራ አባ ገዳ ኩራ ጃርሶ ሥልጣናቸውን ለአባ ገዳ ጉዮ ቦሩ አስረክበዋል። ይህ ርክክብ የሚደረገው በ8 ዓመት አንዴ ነው። የሮቶ ርክክብ በየሩብ ዓመቱ ነው። እንግዲህ ከሁለቱ ማን ማንን ስለ አገልግሎትና ስለ አመራር ሊያሠለጥን እንደመጣ ግራ ቢገባን አይፈረድብንም፤ ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባል የለ።

ወደ ወንዙ እንመለስ። በማኅበር ድጋፍ ገናሌን የጎበኘ ሰው ታሪክ በዚህ ዘመን አልጀመረም። እ.ኤ.አ. በ1892 እና 1893 ጣሊያናዊው መኮንን ቪቶሪዮ ቦቴጎ በአገሩ የጂኦግራፊ ማኅበር ድጋፍ የጁባ ወንዝን ምንጭ ፍለጋ መጣ። ገናሌና ዳዋ ዶሎ አጠገብ ተገናኝተው ጁባ እንደሚሆኑ ጠጪው ሕዝብ ከጥንት ያውቅ ነበር፤ ማኅበሩ ግን ገና አልሰማም። ቦቴጎም ወንዙን «ገናሌ ዶሪያ» ብሎ ሰየመው። ዶሪያ ማን ነው? የማኅበሩ ፕሬዚዳንት። የወይብ ወንዝም አልተረፈም፤ የጄኖቫ ሙዚየም የነፍሳት ሊቅ የነበረው የጌስትሮ ስም ተቀጠለበት። በሮቶ ላይ ስም መለጠፍ ካስከፋን ይህን ማሰብ ያጽናናል፤ ያኔ የሚለጠፈው በወንዙ ላይ ነበር። ሌላው ጣሊያናዊ ልዑል ሩስፖሊም በዚያው ዘመን ይህን አገር ሲዞር በ1893 መጨረሻ ዝሆን ገደለው። ከሰበሰባቸው ናሙናዎች መሐል የት እንደተያዘች ያልጻፈላት አንዲት ወፍ ተገኘችና በእሱ ስም ተጠራች። ዛሬም በአሬሮ የጽድ ደን ውስጥ ትኖራለች፤ ስሟን የሚነግራት ግን የለም።

ከእነዚህ ጋር ሲነጻጸር የዘመኑ ቀዛፊ ጨዋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 የብሪታንያው መኮንን ብላሽፎርድ ስኔል ዓባይን በጀልባ ሲወርድ፣ በ1973 አሜሪካውያኑ የሶቤክ ቀዛፊዎች ኦሞን ሲጀምሩ፣ ከወንዙ ዳር ያለውን ሕዝብ «አገለገልን» ያለ አልነበረም። ፏፏቴ ፈለጉ፣ አገኙ፣ ረጠቡ። እኛም የክበቡን አባል በዚህ ልክ እንመነው ነው የምለው፤ ሦስተኛውን ቀን በሪፖርቱ ላይ «የማኅበረሰብ ትስስር» ብሎ ካልጻፈው በቀር።

እዚህ ላይ የሚቆጡ ይኖራሉ፤ ቁጣቸውም መሠረት አለው። «ፖሊዮንስ ማን አጠፋው?» ይላሉ። ልክ ነው። ሮታሪ እ.ኤ.አ. በ1985 የፖሊዮ ዘመቻውን ጀምሮ ለዓመታት ገንዘብና ጉልበት አፍስሶበታል፤ አፍሪካም በነሐሴ 2012 ዓ.ም. ከዱር ፖሊዮ ነጻ መሆኗ ተረጋግጧል። ግን ይህ ሥራ እንዴት እንደተሠራ ልብ ይባል። ከታች የበረዶ ሳጥን በትከሻዋ አንጠልጥላ ጎጆ ለጎጆ የሄደች ከታቢ አለች። ሁለት ጠብታ ታንጠባጥባለች፣ የሕፃኑን ጣት በቀለም ትነክራለች፣ በሩ ላይ በጠመኔ ቁጥር ትጽፋለች፣ በሚቀጥለው ዙር ደግሞ ትመለሳለች። የተቆጠረው የተቀባው ጣት ነው፤ የመጣው እንግዳ አልነበረም። ክበቡ ትልቅ የሆነው ራሱ በማይታይበት ሥራ ነው። የፖሊዮ ምሳሌ የሚሟገተው ለሪባኑ ሳይሆን በሪባኑ ላይ ነው።

«ቢያንስ አንድ ሮቶ ይሻላል፤ ባዶ እጅ ከመቅረት» የሚልም አለ። ይህ ክርክር ከበፊተኛው ይከብዳል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ሲከሽፉ በቦረና የረገፈው ከብት በሚሊዮን የሚቆጠር ነበር፤ ሁሉም ሲደኸይ ቡሳ ጎኖፋ ከማን ተነስቶ ለማን ይዋጣል? ዱብሉቅ ላይ የተጠለለው ተፈናቃይ ከውጭ የመጣ እጅ አስፈልጎታል፤ በየከተማው ያለ ሰውም እህልና መኖ አዋጥቶ ልኳል። ውሃ የጫነ ቦቴ ደጅ ሲቆም «አርማህ ትልቅ ነው» ብሎ የሚመልስ ሞኝ የለም። ግን በዚህ አገር ውሃ ዕቃ ብቻ አይደለም፤ የት እንደሚሰፈር፣ የቱ ሣር ለበጋ እንደሚቆይ የሚወስን ነገር ነው። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሶርዱ የተባለው የደቡብ ግጦሽ መሬት ልማት ዩኒት በማሽን ኩሬ ሲቆፍር ሐሳቡ ቅን ነበር። ኩሬው የተቆፈረበት የዝናብ ወቅት ግጦሽ ግን ዓመቱን ሙሉ ሰፋሪ አገኘ፤ ለዕረፍት የሚተወው ሣር ዕረፍት አጣ። ያ እንግዲህ ዓመታት ተጠንቶበት ነው። የእኛ አባል ቦታውን የመረጠው ለመኪና ማዞሪያ ስለሚመች ነው። የቧንቧው ጎማ ሲያልቅ የሚጠግነው ማን ነው ብላችሁ ብትጠይቁ የክበቡ ፕሬዚዳንት ዘመን አንድ ዓመት መሆኑን ይነግሯችኋል፤ ጎማው የሚያልቀው በተተኪው ዘመን ነው።

የመጨረሻው መከላከያ «ጉብኝቱ ራሱ ያስተምራል፤ ያላየ አያዝንም» የሚለው ነው። እስማማለሁ፤ እንዲያውም ነገሌ ይህን ትምህርት ከማንም በፊት ሰጥታለች። በጥር 1966 ዓ.ም. እዚያ የሰፈረው ጦር የውሃ ፓምፑ ተበላሸበት፤ መኮንኖቹም ከራሳቸው ጉድጓድ አናስቀዳም አሉ። ወታደሩ አመፀ። ጃንሆይ ጉዳዩን እንዲያጣሩ ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለን ላኩ፤ የመስክ ጉብኝት መሆኑ ነው። ወታደሩ እንግዳውን ያዘና ራሱ የሚበላውን አበላቸው፣ ራሱ የሚጠጣውን ውሃ አጠጣቸው። ሞንታርቦ አልነበረም፤ ባነርም አልተሰቀለም፤ ወሬው ግን ከጦር ሰፈር ጦር ሰፈር ዞሮ በመስከረም 1967 ዓ.ም. ዘውዱ ወረደ። ማንም ክበብ እንዲህ ያለ ውጤታማ ጉብኝት ያደረገ አይመስለኝም። ስለዚህ አሠራሩ ይለመድ፤ ማገቱ ይቅርና መስተንግዶው። የሚመጣው ልዑክ የታሸገ ውሃውን መኪናው ውስጥ ትቶ ባስመረቀው ቧንቧ በጀሪካኑ ኩባያ ይጠጣ። ከቡና ግብዣው ቀጥሎ ኤላ ይውረድና ለአንድ ሰዓት እርከን ላይ ቆሞ ኦኮሌ ያቀብል። ፎቶግራፍ አንሺውም ይውረድ፤ ሁለት እጅ ስለሚፈለግ ካሜራውን ላይ ይተወው።

ከዚያ በኋላ ወደ ገናሌ ቢሄድ ማንም አይናገረውም፤ ክንዱም ለመቅዘፊያ ተፍታቷል። ሲመለስ ግን ጀልባውን ይተውልን። የጎማ ጀልባ ወለሉ ውሃ ይይዛል፤ ኤላው አፍ ላይ ቢዘረጋ ደህና ገንዳ ይወጣዋል። አርማ ከተለጠፈበትም ይቆይ፤ ከብት አያነብም። ቀንድ የወጋው ቀን ይተነፍሳል፤ እስከዚያ ድረስ የማን ላም ቀድማ እንደምትጠጣበት አባ ሄሬጋው ተራ ያወጣል።