ለአንኮበር የሚስማማ ጠመንጃ

ጠመንጃ ሲመረጥ መሳሳት አይገባም። ለአንኮበር አደን ለበን አይሆንም፤ በ8 ሚሊ ሜትር እርሳስ አውሬ ፊት መቆም ንቀት ነው። ውጅግራ ይሁን። የ1874 እ.ኤ.አ. የፈረንሳይ ሥራ፣ 11 ሚሊ ሜትር፣ እርሳሱ ብቻ 25 ግራም ያህል።

ቀጥሎ ማሳመሩ ነው። ሰደፉ በወይራ ይቀየር፣ በብር ቀለበት ይታሰር፤ ማንገቻው ቀይ ቆዳ ይሁን። በዚህ ገንዘብ ጥሩ በሬ ይገዛ ነበር የሚሉ አሉ። በሬ ግን ትከሻ ላይ አንግተው አይፎክሩበትም። አሁን ደግሞ መነጽር ማስገጠም መጥቷል፤ የደብረ ብርሃንን ጉም አቅርቦ በማሳየት ወደር የለውም።

ባህሉ ሥር አለው። እንግሊዛዊው ካፒቴን ሃሪስ በ1841 እ.ኤ.አ. ወደ ሸዋ ሲመጣ ለንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ካቀረበው እጅ መንሻ ውስጥ 300 ጠመንጃ ነበረበት። ሰውየው ራሱ ስመ ጥር የትልልቅ አውሬ አዳኝ ነበር። ዛሬ ዝሆኑ ከአካባቢው ርቋል፤ ይህ ግን የዝሆኑ ጉድለት እንጂ የጠመንጃው አይደለም።

ደግሞ አንኮበር የራሷ አውሬ አላት። ስሟን ይዞ በዓለም መዝገብ የሰፈረው፣ ሳይንስ በ1979 እ.ኤ.አ. የገለጸው፣ ገደል ለገደል የሚኖር፣ ሌላ አገር የሌለ ፍጥረት ነው። ዘር ለቃሚ ወፍ ናት፤ እፍኝ አትሞላም። የውጅግራ ጥይት ካገኛት ላባ እንኳ አይተርፍም።

አዋቂ አዳኝ ውጅግራ የሚመርጠውም ለዚሁ ነው። ምንም ካልተረፈ፣ የወደቀው ዝሆን ነበር ቢል ማን ይከራከረዋል?