የሦስተኛው ቀን አንገት፦ ከመንዝ ደጋ የተወሰደ ጥናት

ከባድ የመኪና አደጋ አጥኚ አጥቶ አያውቅም፤ ሐኪሙም፣ ዐቃቤ ሕጉም፣ መሐንዲሱም ይጽፉበታል። ባለቤት ያጣው ቀላሉ ግጭት ነው፤ ያ ፓራውልት ጫር ተደርጎ፣ ፍሬቻ ረግፎ፣ ሁሉም በእግሩ ወርዶ «እግዚአብሔር ይመስገን» የሚልበት። እሱን ለማጥናት ደግሞ ከጣርማበር በመዘዞ በኩል ወደ መሐል ሜዳ የሚያወጣውንና የጓሳን ደጋ የሚነካውን መንገድ የሚያህል ቦታ አይገኝም። ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ጉሙ ከገደሉ ሥር ተነሥቶ መንገዱን ይሸፍነዋል፤ ቅጥቅጡ ያዘግማል፣ በጉ ያዘግማል፣ ሲነካኩም እያዘገሙ ነው። ብረቱ እምብዛም ስለማይጎዳ ተመራማሪው ሐሳቡ ሳይከፋፈል በሰው አንገት ላይ ማተኮር ይችላል። (የመንገዱ ነባር ተጠቃሚ ጭላዳ ነው፤ እስከ ዛሬ የአንገት ሕመም አመልክቶ አያውቅም። ለምን እንደሆነ ኋላ ግልጽ ይሆናል።)

ሕመሞቹን በቦታቸው፣ ማለትም በአንገት፣ በወገብና በ«ውስጥ ውስጤን» መመደብ የተለመደ ቢሆንም ፍሬ የለውም፤ አንድ ሕመም በአንድ ሳምንት ሦስቱንም ሲዞር ይታያልና። የሚሻለው በመድረሻ ጊዜያቸው መለየት ነው። የዕለቱ ሕመም ደም አለው፣ ጩኸት አለው፣ ክርክር የለውም፤ እንለፈው። የማግስቱ ሕመም የሰውነት መተሳሰር ነው፤ ገብስ ሲያጭድ የዋለ ሁሉ ያውቀዋል፤ እሱንም እንለፈው። የዓመቱ ሕመም ጎረቤት ካሳ መቀበሉ ሲሰማ የሚቀሰቀስ ሲሆን ብርቅ ነው። የቀረው የሦስተኛው ቀን ሕመም ነው።

የሦስተኛው ቀን ሕመም የአንድ ሰው ሥራ አይደለም፤ የሰፈር ነው። በመጀመሪያው ቀን ተጎጂው ደህና ነው፤ እንዲያውም ከሾፌሩ ጋር ሆኖ መኪናውን ገፍቷል። በሁለተኛው ቀን «እንኳን አተረፈህ» ባዩ መምጣት ይጀምራል። ጠያቂ ባዶ እጁን ቢመጣም ባዶ አፉን አይመጣም፤ እያንዳንዱ አንድ የሚያውቀው ሰው አለው፣ ያ ሰው ከመኪና በእግሩ ወርዶ፣ ጠላውን ጠጥቶ፣ ስቆ ተጫውቶ በሦስተኛው ቀን የሞተ። «ውስጥ ውስጡን ነው የሚሠራው» ይባላል። «ብርድ ሳይገባበት ታይ» ይባላል፤ ጓሳ ላይ ብርድ የማይገባበት ነገር እንደሌለ እየታወቀ። ማምሻውን ተጎጂው አንገቱን ወደ ግራ ያዞራል፤ ትንሽ ይይዘዋል። ሲነጋ ከባናው ሥር አልወጣም፤ የታመመው አንገቱ ሆኖ ሳለ ራሱን በነጠላ ሸብ አድርጓል፤ ፌጦ ተወቅጧል። ወጌሻው መጥቶ በቅቤ ያሸዋል፣ አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ አውራ ጣቱን አቁሞ ዝም ይላል። የዚያ ዝምታ ክብደት በየትኛውም ራጅ ላይ ታይቶ አይታወቅም። ከዚያም «ወለምታ ነው፤ ጅማቱ ዞሯል» ይላል። ጤና ጣቢያው በበኩሉ ስብራት እንደሌለ ጽፎ፣ ማስታገሻ አዝዞ፣ «አንገቴን ያመኛል ይላል» ብሎ ይመዘግባል፤ ወረቀቷ ሽማግሌ ፊት ስትደርስ «ይላል» የምትለዋ ቃል በመንገድ ትወድቃለች።

ሽማግሌ ፊት የሚጠየቀውም ካሳ አይደለም፣ ማሳከሚያ ነው። ዓይነተኛው ተጎጂ ገንዘብ ሲጠራበት ቅር ይለዋል፤ «ብር አልፈልግም፣ አንገቴን ይመልስልኝ» ይላል። አንገት መመለስ ስለማይቻል ቀሪው አማራጭ በብር ይተመናል። ሾፌሩም «የሰው መኪና ነው የምነዳው፣ የልጆች አባት ነኝ» ይላል፤ ይህም የሾፌሩ የሦስተኛ ቀን ሕመም ነው።

የዚህ ጥናት ክርክር እንግዲህ አንድ ነው፦ ሕመሙ የሚለካው በግጭቱ ብርታት ሳይሆን ለሙግት በተረፈው ቦታ ነው። መንዝ በሙግት ታውቆ የኖረ አገር ነው፤ የማኅበረሰብ ተመራማሪው ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 ላሳተመው «ሰምና ወርቅ» መጽሐፍ የአማራን ባህል ያጠናው እዚህ ነበር። የሙግቱ ራስ ርስት ነበር፤ የትውልድ ሐረግ መቁጠር፣ ምስክር ማቆም፣ ዳኛ ፊት በምሳሌ መናገር ሁሉ በርስት ላይ ይውል ነበር። በ1967 ዓ.ም. አዋጅ መሬት የመንግሥት ሲሆን ይህ ሁሉ ችሎታ በአንድ ቀን ሥራ ፈታ። በመኪና ጉዳይ እንዳይሰማራ ደግሞ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አስቀድሞ በሩን ዘግቶበታል፤ በቁጥር 2081 የተሽከርካሪ ባለቤት ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። ተጎጂው ራሱ አጥፍቷል ካልተባለ በስተቀር ማን አጠፋ ብሎ መከራከር ውሃ አያነሳም። ስለ ኅሊና ጉዳትም ማልቀስ አያዋጣም፤ ያው ሕግ በቁጥር 2116 ጣሪያውን 1,000 ብር አድርጎታል። ለአንደበተኛ ሰው የቀረው ሜዳ አንድ ብቻ ነው፦ ምን ያህል አመመህ?

የመድኑ ሕግ ይህን ሜዳ ይበልጥ አጥብቦታል። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799 ለአስቸኳይ ሕክምና 2,000 ብር፣ ለአካል ጉዳት እስከ 40,000 ብር፣ ለንብረት እስከ 100,000 ብር አስቀመጠ። ለሞትም ቢሆን በዚያ አዋጅ ጣሪያው ያው 40,000 ነበር። ንብረት ደግሞ ዋጋው ራሱን ችሎ ይናገራል፦ የተጣመመ ፓራውልት ጋራዥ ይገባል፣ ባቲላሜራው ያየዋል፣ ፕሮፎርማ ይሰበሰብለታል፣ ማንም «እውነት ያምሃል?» አይለውም። አንገት ፕሮፎርማ የለውም። ባለቤቱ ራሱ ጋራዥ፣ ራሱ ባቲላሜራ፣ ራሱ ደረሰኝ መሆን አለበት።

እውነተኛ የአንገት ጉዳትም ዘግይቶ ይጀምራል፣ በራጅም አይታይም የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ትክክል ነው፤ የዚህ ጥናት ትልቁ ራስ ምታትም ይኸው ነው፤ እውነተኛውና ያልሆነው አንድ ዓይነት ልብስ ይለብሳሉ። ግን ፈረንጆቹ የደረሱበትን እንይ። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣው ጥናት፣ መድን ያለው ሾፌር ጥቂት በነበረባት በሊትዌኒያ ከኋላ የተገጩ 202 ሰዎች ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ቆይተው ሲጠየቁ፣ የአንገት ሕመማቸው ካልተገጩት ሰዎች የተለየ ሆኖ አልተገኘም። ሳስካቸዋን የምትባለው የካናዳ ክፍለ ሀገር እ.ኤ.አ. በ1995 ለስቃይ የሚከፈለውን ካሳ ስታስቀር የአንገት አቤቱታ ከሩብ በላይ ወረደ። እንግሊዞች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 ለአንገት ሕመም የዋጋ ዝርዝር አወጡለት፤ ከሦስት ወር የማይበልጠው ያኔ 240 ፓውንድ ነበር። ይህ ሁሉ ሰው ይዋሻል ማለት አይደለም። ሕመም ጠያቂ ባለበት ይቆያል ማለት ነው፤ ጭላዳን ማን ይጠይቀዋል?

ሁለተኛው ተቃውሞ የመድን ድርጅቱ ነው፤ ይህ ማታለል ከሆነ ለምን ለፖሊስ አይተውም? መልሱ ሾፌሩ ዘንድ አለ። ትራፊኩ መጥቶ ፕላን ካነሣ መኪናው ጣቢያ ግቢ ይቆማል፤ የቆመ መኪና ገቢ የለውም። ስለዚህ ሾፌሩ ጤነኛ መሆኑን አሳምሮ ለሚያውቀው ሰው ከኪሱ ከፍሎ በሽማግሌ ይታረቃል። የመድን ውሉ ግን ያለ ድርጅቱ ፈቃድ ኃላፊነት መቀበልንም መታረቅንም የሚከለክል በመሆኑ ብሩ አይተካለትም። ድርጅቱ በዚህ አኳኋን ለማያውቀው ሕመም ሳይከፍል ይገላገላል፤ የሦስተኛው ቀን አንገት ዕዳ የሚያርፈው ዓረቦኑን በወቅቱ ከፍሎ ቦሎውን በለጠፈው ሰው ላይ ነው። ጥንት መንደሩን ሰብስቦ እውነቱ እስኪወጣ የሚያቆየው አውጫጭ ይመለስ የሚልም አይጠፋም። አይሠራም፤ አውጫጭ የሚያገለግለው የሚያውቁት ጥቂቶች ሲሆኑ ነው፤ ይህን ጉዳይ ግን መንደሩ በሙሉ ያውቀዋል፣ ሕመሙንም ያዋጣው እሱ ነው።

የአካሉ ጉዳት እውነት የሆነበት ሰውም በዚያ አዋጅ በዚሁ 40,000 ጣሪያ ሥር ነበር የሚቆመው፤ እሱ ዘንድ ሲደርስ ምደባው ስለሚያሳፍር ወደ በጓ እንለፍ። የተገጨች የመንዝ በግ ሁልጊዜ እርጉዝ ናት፣ ሁልጊዜም መንታ። ስለ እሷ ራሱን የቻለ ምዕራፍ ታስቦ የነበረ ሲሆን ምስክሩ ስለበዛ ተትቷል። አንድ ነገር ብቻ ይመዝገብ፦ በግ በሕግ ፊት ንብረት ናትና በ2005ቱ አዋጅ ጣሪያዋ 100,000 ነበር፣ የእረኛዋ ደግሞ 40,000። አንድ ቅጥቅጥ ሁለቱንም ነካ ቢያደርጋቸው፣ ሕጉን ያነበበ እረኛ አንገቱን ትቶ ስለ በጓ ወገብ ቢያቃስት ይሻለው ነበር።