«ሞተሩን ብቻ ነው»፦ የሟች ሞተር ቅየራ የሕይወት ታሪክ

ሞተር ቅየራ የአሮጌ ጭነት መኪና ሞተር ወርዶ በሌላ፣ አብዛኛውን ጊዜም ከሌላ ፋብሪካ በወጣ ሞተር የሚተካበት የጋራዥ ሥራ ነው። ባደረበት የወረቀትና የኮምፒውተር ሕመም በልዩ ልዩ ጋራዦች ሲታከም ቆይቶ በቅርቡ ዐርፏል። ታታሪነቱና ቆጣቢነቱ በሶማሌ ተራ ነጋዴም ሆነ በመንገድ ዳር መካኒክ ዘንድ የታወቀ ስለሆነ እዚህ አይዘረዘርም። አንድ ጠባዩ ግን ሳይነሳ አፈር ቢለብስ ለቀብርተኛውም ደግ አይሆንም፤ ሟች ዋሾ ነበር። ውሸቱም አንዲት ብቻ ነበረች፤ ዕድሜውን ሙሉ ለባለንብረት ሁሉ ሳይቀያይር ሲናገራት የኖረው፦ «ሞተሩን ብቻ ነው።»

የዘር ሐረጉ ረጅም ነው። አሜሪካዊው ክሌሲ ከሚንስ እ.ኤ.አ. በ1929 መጨረሻ ባገለገለ ፓካርድ ሊሙዚን ውስጥ የራሱን የናፍጣ ሞተር ገጥሞ በገና ዕለት ለገንዘብ ደጋፊው አሳየ። በጥር 1930 መኪናዋን ከኢንዲያናፖሊስ እስከ ኒው ዮርክ ወደ 1,275 ኪሎ ሜትር ነዳት፤ ለነዳጅ የወጣው 1 ዶላር ከ38 ሳንቲም ነበር። ይህች ሒሳብ ከዚያ ወዲህ የስንቱን ባለንብረት ልብ አሸፍታለች። ለመግጠሚያው የወጣውን ግን ማንም አያነሳም፤ የሟች የመጀመሪያ ብልጠትም ይህ ነበር።

ከቤተሰቡ ወግ ያየው ወደ አውስትራሊያ የሄደው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ ለአገሪቱ ጦር የተሠራው «ፔሬንቲ» የተባለው ላንድሮቨር ከአይሱዙ ቀላል የጭነት መኪና የተወሰደ ባለ 3.9 ሊትር «4ቢዲ1» ሞተር ተገጥሞለት ነው የወጣው። እዚያ ግን ሥራው የተሠራው በፋብሪካ ውስጥ፣ በመሐንዲስ ንድፍ ነው። የሟች ሌሎች ልጆች የተወለዱት መሬት ላይ በተነጠፈ ካርቶን ላይ ሲሆን ንድፉም በመካኒኩ አውራ ጣትና ሌባ ጣት መካከል ያለው ርቀት ነበር።

በኢትዮጵያ ሟችን ተወዳጅ ያደረገው አቀበት ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህሉን ያጣል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ የተቀመጠች ስለሆነች መኪናው ገና ከመናኸሪያው ሳይወጣ ከአንድ አምስተኛ በላይ ጉልበቱን ተነጥቋል። ሕዝቡ «ኤንትሬ» ብሎ የጠራው ፊያት 682 ኤን3 ስድስት ፒስቶንና 10.7 ሊትር ይዞ እንኳ ጣርማ በር ላይ ይቃትት ነበር። ፖምፓው አየሩ መሳሳቱን አያውቅም፤ ለሜዳ የተለካለትን ናፍጣ ለተራራውም ይሰጣል። ያልተቃጠለው ትርፍ በጭስ ማውጫው ጥቁር ሆኖ ይወጣል፤ ከኋላ ያለው አውቶቡስም መስኮቱን ይዘጋል። ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ ወርዶ ወደ ደጀን የሚወጣው ጭነት በአንደኛ ማርሽ ሲያዘግም ረዳቱ ታኮውን ይዞ ከጎማው ጎን በእግሩ ይሄዳል፤ አንዳንዴም መኪናውን ይቀድመዋል። ባለ ቱርቦ ሞተር አየሩን ጨምቆ ስለሚያስገባ ይህን ኪሣራ በአብዛኛው ይመልሳል። እንግዲህ «ሞተሩን ብቻ ቀይርና እየው» የተባለ ባለንብረት እምቢ ይበል?

ውሸቱ መጀመሪያ የሚጋለጠው ካምቢዮው ጋ ነው። የአንዱ ፋብሪካ ሞተር የቡሎን ቀዳዳ ከሌላው ካምቢዮ ቀዳዳ ጋር አይገናኝም፤ ስለዚህ በመካከላቸው የሚገባ ወፍራም የብረት ሳህን በቶርኖ ይወጣል። የሞተሩና የካምቢዮው መሐል ከሚሊ ሜትር ክፍልፋይ በላይ ከተዛነፈ የፍሪሲዮኑ ሸራና የካምቢዮው ኩሽኔት ይበላሉ። ሟች የቡሎን ቀዳዳውን በእጅ መሰርሰሪያ እያሰፋ «ራሱ ቦታውን ያገኛል» ይል ነበር። ቦታውን የሚያገኘው በሦስተኛው ወር፣ አዋሽ ላይ፣ ማርሽ አልገባ ሲል ነው። ቀጥሎ ቮላኖው ይቀየራል፤ ካርዳኑ ይቆረጣል ወይም ይቀጠላል፤ ራዲያተሩ ይተልቃል፤ ባለ 12 ቮልት የነበረው መኪና የ24 ቮልት ሞተሪኖ ስለመጣበት ባትሪውም አምፖሉም ይለወጣል። አዲሱ ጉልበት ደግሞ ለአሮጌው ዲፈረንሻል በዝቶ ጥርሱን ያረግፈዋል። ሟች በዚህ ሁሉ መሐል አንድም ቀን አፍሮ አያውቅም።

ከሁሉ ይልቅ ተንኮሉ የታየው ኮፓው ላይ ነው። የሞተሩ የዘይት ቋት ከፊት አክሰል ጋር ሲጋጭ ይቆረጥና በብየዳ ቅርጹ ይለወጣል፤ ጥልቁ ክፍል ከፊት ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ዘይት መሳቢያው ቱቦም አብሮት ይዛወራል። ሥራው ሲያልቅ ሞተሩ ጋራዡ ውስጥ፣ ለጥ ባለ ሲሚንቶ ላይ ይነሳል፤ የዘይት ግፊቱ ሙሉ ነው፤ ጭብጨባ አለ፤ ሻይ ይታዘዛል። መኪናው ወደ አባይ በረሃ አፍንጫውን ሲደፋ ግን ዘይቱ ወደ ፊት ይፈስሳል፤ መሳቢያው ከኋላ አየር ይጠጣል። ቀዩ መብራት ብልጭ ይላል። ሹፌሩ መብራቱ ኮንታት እንደሚያደርግ ተነግሮታልና ይነዳል። ኮሎው ሲያጣብቅ ጥፋተኛው የታወቀ ነው፤ «ዘይት አላየህም» ይባላል ሹፌሩ።

የፍሬኑ ነገር ግን አያስቅም። የቤንዚን ሞተር ሹፌሩ እግሩን ከነዳጅ ላይ ሲያነሳ የአየር መግቢያው ስለሚዘጋ ውስጡ ቫኪዩም ይፈጠራል፤ የብዙ ቀላል መኪኖች የፍሬን ሰርቮ የሚሠራው በዚያ ነው። የናፍጣ ሞተር እንዲህ ያለ መዝጊያ ስለሌለው ቫኪዩሙን የሚያመነጭ ፓምፕ ያስፈልገዋል፤ ብዙዎቹ የጃፓን ሞተሮች ይህን ፓምፕ ከዲናሞው ጀርባ ተሸክመውታል። ዲናሞ ደግሞ ለብቻው ጥሩ ዋጋ ያወጣል። ስለዚህ ሞተሩ ገበያ የሚደርሰው ዲናሞው ተፈትቶ ከተሸጠ በኋላ ነው፤ ሌላ ዲናሞ ይገጠምለታል፤ መብራቱ ይበራል፤ ፓምፑ ግን የለም። ፔዳሉ ይደነድናል፤ ሹፌሩ ባለ በሌለ ኃይሉ ቢረግጠውም መኪናው በግማሽ ልብ ነው የሚቆመው። በዚህ የሞቱ ሰዎች ለቅሶ ላይ ሟች አልተገኘም።

የወረቀቱ ሕመም የጀመረው ሊብሬው ላይ ነው። ሊብሬ የሻንሲና የሞተር ቁጥር ጎን ለጎን ይይዛል፤ ሞተሩ ሲለወጥ ብሎኩ ላይ የተመታው ቁጥርም ይለወጣል። የአዲሱ ሞተር ቁጥር እንዲጻፍ የግዢ ሰነዱ ይጠየቃል። ከተበለተ መኪና የወጣ ሞተር ግን በሦስት ደላላ እጅ አልፎ የመጣ ነው፤ ሰነዱ የመጀመሪያው ደላላ ኪስ ውስጥ ቀርቷል። ሞተሩን በሰንሰለት ማንሻ ለማውረድ ግማሽ ቀን ይበቃ ነበር። ቁጥሩን ከአንድ መስኮት ወደ ሌላው ለማሻገር ግን ቦሎው ጊዜው ያልፋል፤ አንዱ መስኮት የሌላውን ማኅተም ይጠይቃል፤ የሌላው ኃላፊ ስብሰባ ላይ ነው።

ነፍሱን የወሰደው ግን ሌላ ነው። የድሮው የናፍጣ ሞተር የሚፈልገው ናፍጣ፣ አየርና የሚያስነሳው ሞተሪኖ ነበር፤ ከተነሳ በኋላ ባትሪው ቢፈታ እንኳ የሚሠራ ብዙ ነበር። ፖምፓው ልኩን በስፕሪንግና በሚሽከረከር ክብደት ያውቃል፤ ኖዝሉ 200 ባር አካባቢ ሲደርስ ይከፈታል፤ መካኒኩም ቧንቧውን ላላ አድርጎ የትኛው ፒስቶን እንደደከመ በጆሮው ይለያል። ኮመን ሬይል የሚባለው አዲሱ ዘዴ ግን እስከ 1,600 ባርና ከዚያም በላይ የታመቀ ናፍጣ በኮምፒውተር ትእዛዝ ይረጫል። ኮምፒውተሩ የፔዳሉን፣ የሙቀቱንና የኮሎውን ሁኔታ ከየሴንሰሩ ይጠይቃል፤ በብዙዎቹም ቁልፉ የራሱ መሆኑን ካላረጋገጠ አይነሳም። ሞተሩን ወደ ሌላ ሻንሲ ማዛወር ማለት ገመዱን፣ ኮምፒውተሩን፣ ፔዳሉንና ቁልፉን ሁሉ ማዛወር ሆነ። እዚህ ላይ «ሞተሩን ብቻ» የሚለውን የሚያምን ሰው ጠፋ፤ ሟችም ከዚያ በኋላ አልቆየም።

ገዳዩ አልተያዘም። የሞተሩን አንጎል ቆልፎ ቁልፉን በየዓመቱ የሚያከራየው፣ የማስተካከያ መሣሪያውን ለፈለገው ሰጥቶ ለፈለገው የሚከለክለው፣ «ለደኅንነታችሁ ነው» የሚለው አካል ስሙ አይጠራም፤ ቀብሩ ላይ ግን ከፊት ረድፍ ታይቷል። የፍሬኑን ነገር ላየ ሰው «ለደኅንነት» የሚለው ምክንያት ከንቱ አይደለም። ነገር ግን የተዘጋው ያለ ፓምፕ የሚሸጠው ገበያ አልነበረም፤ የተዘጋው ቶርኖ ቤቱ ነው። መሐሉን በመለኪያ ሰዓት አይቶ ከፀጉር ባነሰ ልክ የሚያቃና፣ ትምህርት ቤት ያልላከው ቶርኒተር ነበር፤ ከሠላሳ ዓመት በፊት የተገዛ መኪና ቤተሰብ መመገቡን እንዲቀጥል ያደረገው እሱ ነው። ያ እጅ አሁን የበር ማጠፊያ ይበይዳል።

ሟች በሕይወት የተረፉ ዘመዶች አሉት። ታላቅ ወንድሙ ኦቨርሆል የራሱን ሞተር አውርዶ ፋሻና ኩሽኔት ለውጦ መልሶ የሚገጥም ጨዋ ሲሆን የመለዋወጫው ዋጋ ካላሳደደው ገና ይኖራል። የወረዱት አሮጌ ሞተሮች ከፊሎቹ የመስኖ ውኃ ይስባሉ። ሞተር ያጡት ሻንሲዎች ወደ ብረት ማቅለጫ ሄደዋል። ከሟች ንብረት ገዢ ያጣው ለአንድ ሞተርና ለአንድ ካምቢዮ ተለክቶ የወጣው የብረት ሳህን ነበር፤ ከሌላ ከምንም ጋር ስለማይገጥም በኪሎ ተሸጧል።