መሬትዎ ምን በደለው?

በአሜሪካ ከተሞች በገዛ ግቢው በረንዳ ለመቀጠል ያሰበ ሰው፣ ከወሰኑ መራቅ ያለበትን ርቀት ትንሽ ካጓደለ ልዩ ፈቃድ ሊጠይቅ ቦርድ ፊት ይቀርባል። አሠራሩ ርኅራኄ የሞላበት ነው። ቦርዱ ግን የሚያዝነው ለመሬቱ እንጂ ለባለቤቱ አይደለም። «እናቴ ከአገር ቤት መጥተው መኝታ ጠበበን» ቢሉ ሰሚ የለም። መሬቱ ራሱ ጠባብ፣ ተዳፋት ወይም ቅርጸ ብልሹ ሆኖ መቸገር አለበት። ችግሩን በገዛ እጅ ማምጣትም አይፈቀድም።

ስለዚህ ቤት ልትገዛ ያሰብክ ወገኔ፣ ደልዳላ መሬት አይሸውድህ፤ ገደል ፈልግ። እናትህ ደረጃውን መውጣት ቢያቅታቸውም ማስረጃህ ይጠናከራል።

በቨርጂኒያዋ ፌርፋክስ ካውንቲ የፊት ለፊት አጥር በመደበኛው ከ4 ጫማ አይበልጥም። የጠርሙስ ስባሪ በተተከለበት ግንብ ውስጥ ላደግን ለእኛ ይህ አጥር ሳይሆን አግዳሚ ወንበር ነው። ደግነቱ፣ ጎረቤት ሳይንጠራራ ሰላም ይልሃል፤ አቤቱታውንም እዚያው ቆሞ ይጽፍብሃል።

ከሁሉ የሚደንቀው የታፔላው ነው። ትንሽ ታፔላ ለመስቀል ልዩ ፈቃድ ስትጠይቅ፣ ጥያቄህን አላፊ አግዳሚው እንዲያውቀው በብዙ ቦታ ግቢህ ላይ ታፔላ ይተከላል።

ለዚያኛው ፈቃድ አያስፈልግም።