የለቅሶ ድንኳን ባለሙያ በስሜን ተራሮች

የአክስቴ ልጅ የእድራችን ድንኳን ተካይ ነው። ብረቱን አቁሞ፣ ሸራውን ስቦ፣ ገመዱን ወጥሮ ለቀስተኛውን ሲያስጠልል ያየው ሁሉ ያደንቀዋል። ስለዚህ በጥቅምት ስሜን ተራሮችን እንይ ሲባል ድንኳን የመግዛቱም የመትከሉም ነገር ለእሱ ተተወ። «የስንቱን ለቅሶ የተከልኩ ሰውዬ ለዚች እሰጋለሁ?» አለ። እኔና ታናሽ ወንድሜ ምን አፍ አለን?

መርካቶ ወርዶ «የ3 ሰው» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት ድንኳን ይዞ መጣ። ሦስት ነን፤ ሒሳቡ ልክ ይመስላል። ፋብሪካው ግን ሰው የሚቆጥረው ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ፣ ሳይገላበጥና ሻንጣ ሳይኖረው ነው። ሦስት ከሆናችሁ የአራት ሰው ግዙ። ከዚያ የባሰው ደግሞ ዝናብ መከላከያ የውጭ ልባሱ ነበር። እስከ መሬት በመውረድ ፈንታ አናቱን ብቻ እንደ ቆብ ይሸፍናል፤ ከሥሩ ያለው ወንፊት ጨርቅ ነው። ወንድሜ ይህን ሲያነሳ «አየር ያስገባል» ተባለ። እውነትም አስገባ።

ደባርቅ ላይ የመግቢያውን ከፍለን፣ ስካውት ተመድቦልን፣ በቅሎ ተከራይተን ወጣን። ስካውታችን ጠመንጃቸውን ያነገቱ፣ ጋቢያቸውን የደረቡ፣ ብዙ የማይናገሩ ሰው ናቸው። ጎንደር በሸሚዝ ነበርን። የምናድርበት ግጭ ግን ከፍታው 3,600 ሜትር ገደማ ነው፤ ከጎንደር ከተማ በ1,500 ሜትር ያህል ይበልጣል። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚቀንስ፣ ቀን ፀሐይ ሲያነደው የዋለ ሰው ማታ ጥርሱ ይንገጫገጫል። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ሲመሽ ሣራቸውን ትተው ወደ ገደሉ ወረዱ። እነሱ ማደሪያቸውን ያውቃሉ።

የእኛ ሰው ግን ሣሩ የለሰለሰበት፣ ጎድጎድ ያለ ቦታ መረጠ።

«ልጄ፣ እዚያ'ኮ ውሃም ብርድም ይወርዳል» አሉት ስካውቱ።

«ጋሼ፣ አይስጉ፤ ሥራዬ ነው።»

ሥራውስ ሥራው ነው፤ የለቅሶ መሆኑ ነው ጣጣው። የእድር ድንኳን ደጁ ለቀስተኛ ወደሚመጣበት መንገድ ይዞራል። እሱም ልማዱ ሆኖ በሩን በእግረኛው መንገድ ትይዩ አደረገው፤ ነፋሱም የሚመጣው በዚያው ነበር። ካስማዎቹን ቀጥ አድርጎ መታቸው። ካስማ አናቱ ከድንኳኑ ርቆ፣ ጫፉ ወደ ድንኳኑ አዘንብሎ ነው የሚመታው፤ ቀጥ ካለ ገመዱ ሲጎትተው ይነቀላል። የእኛዎቹ እኩለ ሌሊት ሳይደርስ ተራ በተራ ተነቀሉ።

ሌላው ጉድ ውሃው ነው። ነፋሱን ለመከልከል ወንፊቱን በጋቢና በፎጣ ስለወታተፍነው፣ ጥቂት ቆይቶ ከላያችን ይንጠባጠብ ጀመር። ዝናብ መስሎን ብንወጣ ሰማዩ ኮከብ በኮከብ ነው። የሦስት ሰው ትንፋሽ መውጫ አጥቶ ቀዝቃዛው ጨርቅ ላይ ውሃ ሆኖ ኖሯል። ከሥር ደግሞ መሬቱ ሙቀታችንን ይመጠምጠዋል። ብርድ ልብስ መደራረብ ለጀርባ ብዙም አይረዳም፤ የተኙበት ስለሚታመቅ እምብዛም አያሞቅ። የበቅሎው ነጂ አጎዛውን አንጥፎ ነበር የተኛው፤ ሲያንኮራፋ እስከ እኛ ይሰማል።

ያን ጊዜ ነው የአክስቴ ልጅ አብሮን የመጣውን የምግብ አብሳይ ማንደጃ ከነፍሙ አንጠልጥሎ የመጣው። ለካ ስካውቱ አልተኙም። በዚያች ሌሊት ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ ሰማናቸው፦ «አውጣ! ሬሳችሁን በበቅሎ ላወርድ ነው?»

የከሰል መርዝ ሽታም ቀለምም የለውም። እንቅልፍ እንቅልፍ ይላል፣ ራስ ይከብዳል፣ ከዚያ መንቃት የለም። ማንደጃ ቤት ውስጥ አስገብቶ፣ በር ዘግቶ አድሮ የቀረ ሰው ወሬ ከተማችን ውስጥ ያልሰማ የለም። ድንኳን ደግሞ ከክፍልም ይጠባል። ጋዝ ምድጃም ያው ነው፤ ጨርቁም በቀላሉ ይቀጣጠላል።

ማንደጃው ወጣ። ስካውቱና በቅሎ ነጂው በባትሪ ብርሃን ድንኳኑን ነቅለው ከፍ ካለ ደልዳላ ቦታ፣ ከቁጥቋጦ ጀርባ አዙረው ተከሉት፤ ጠባብ ጎኑን ለነፋሱ፣ በሩን ለማዶው ሰጡት። ወንፊቱንም ከፈት አደረጉ። በረደን እንጂ አልረጠብንም። የአክስቴ ልጅ ጠዋት ላይ «ሸራው ነው እንጂ አተካከሉማ ልክ ነበር» አለ።

የምትሄዱ ካላችሁ ከመንገዱ በፊት ድንኳኑን ግቢያችሁ ተክላችሁ አንድ ባልዲ ውሃ አፍስሱበት፤ የሚያስገባ ከሆነ ለሻጩ መልሱለት። ከሰሉን ግን፣ አደራ፣ ደጅ አሳድሩት።