አባ ጎመን

ጋሞ ውስጥ፣ ካምባ ደጋው ላይ አንድ ፈረስ ጠምዶ ጎመንና ካሮት የሚያመርት ሰው ግማሽ ቀኑ የሚያልፈው ለመንገደኛ መልስ በመስጠት ነው። ወደ ገበያ የሚወርደው ሁሉ አጥሩ ጋ ቆም ይላል፤ ፈረሱን ያያል፣ እኔን ያያል፣ መልሶ ፈረሱን ያያል። ባለፈው አንዲት እናት ከነሸክማቸው ቆመው፣ «በሬዎችህ አለቁብህ? እግዜር ያጽናህ ልጄ» ብለውኝ አለፉ። በሬ እንዳልሞተብኝ ላስረዳ ስል ርቀዋል። ማታ ጎረቤት ሊያጽናናኝ መጣ።

ሰዉ አይፈረድበትም። በዚህ አገር ፈረስ ሹም ነው። ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ»፣ ምኒልክ «አባ ዳኘው»፣ አሉላ «አባ ነጋ»፣ ባልቻ «አባ ነፍሶ» የተባሉት በፈረሳቸው ስም ነው። ሁሉንም አርሶ ባበላው በሬ ስም የተጠራ መኳንንት ግን እኔ አልሰማሁም። የሰፈሩ ልጆች ይህን ጉድለት ሊያርሙ ነው መሰል ፈረሴን «አባ ጎመን» አሉት። አሁን እኔንም በዚሁ ይጠሩኛል፤ በማዕረግ ከባልቻ ቀጥዬ ነኝ ማለት ነው።

በፈረስ የማረሱን ነገር ያመጣው እንጅባራ ተወልዶ እዚህ ሂሳብ የሚያስተምር ወዳጄ ነው። በአገሩ በአዊ በፈረስ ማረስ ብርቅ አይደለም። ድንች ማሳ ውስጥ ሞፈር ሲጎትት የከረመው ፈረስ ጥር 23 ሲደርስ ጋማው ተበጥሮ፣ በጌጥ ተሸልሞ ሜዳ ይወጣል። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን የሚያከብረው የዓድዋን አርበኞችና ፈረሶቻቸውን ሲያስብ ነው። እነሱ ዘንድ ሹመትና ሥራ አይጣሉም።

ጣጣው ያለው ዕቃው ላይ ነው። ቀንበር የተጠረበው ለበሬ ነው፤ ሻኛው ፊት ይቀመጣል፣ በሬውም በሻኛው ይገፋዋል። ፈረስ ሻኛ የለውም። በሳበ ቁጥር እንጨቱ ወደ ጉሮሮው ይንሸራተታል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ይቆማል፤ ሰውም «ሰነፍ» ይለዋል። ሌፌብቭር ዴ ኖኤት የተባለ ጡረተኛ የፈረንሳይ መኮንን እ.ኤ.አ. በ1931 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የጥንቶቹ ሮማውያን ፈረስን ከባድ ጭነት ያላስጎተቱት የአንገት ማሰሪያው ስለሚያንቀው ነው ብሎ ተከራክሯል። የኋላ አጥኚዎች «አጋኖታል» ይላሉ። እኔ የአባ ጎመንን ማንኮራፋት ስለሰማሁ ከመኮንኑ ጋር ነኝ። አውሮፓ ራሷ ትከሻ ላይ የሚያርፈውን ድፍን አንገትጌ የለመደችው በመካከለኛው ዘመን ነው።

እኛ ዘንድ መፍትሔው የተገኘው ገበያ ውስጥ ካለ ጫማ ሰፊ ነው። በጭድ የተጠቀጠቀ ጆንያ በቆዳ ለብጦ ደረት ላይ የሚያርፍ ማሰሪያ ሰፋልን፤ ሲለካው «ከረባትም አብሮ ይፈልጋል?» ብሎ ጠይቆናል። ከግራና ከቀኝ የሚወጡት ጠፍሮች ከፈረሱ ኋላ ካለ አግዳሚ እንጨት ላይ ይታሰራሉ፤ ከእንጨቱ መሐል የሚነሳ አንድ ገመድ ደግሞ ያሳጠርነውን ሞፈር ይስባል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በ1970ዎቹ ኢልካ ይባል የነበረው ዓለም አቀፍ የከብት ምርምር ማዕከል ደብረ ዘይት ላይ በአንድ በሬ የሚያሳርስ ቀንበር ሠርቶ ነበር። ገበሬው አየው፣ አመሰገነ፣ ወደ መቀናጆው ተመለሰ። መቀናጆ እንኳ የታወቀ ነው፤ ያለህን አንድ በሬ ከጎረቤት በሬ ጋር ታቀናጃለህ፣ ተራ ትጠብቃለህ፣ ዝናቡ ሲያመልጥህ ትኮራረፋለህ።

ሥራው ላይ አባ ጎመን ፈጣን ነው፤ እንዲያውም ይበዛበታል። በሬ ትልሙ ጫፍ ሲደርስ ቆሞ ያስባል፤ አንተም ወገብህን ታቀናለህ። ፈረስ ግን ሳታስበው ዞሯል። «ቁም» ስለው ይቆማል፤ ችግሩ የሚቆመው ካሮቱ አጠገብ መሆኑ ነው። በሬ በልቶ ይተኛና ያመነዥካል። ፈረስ አያመነዥክም፤ ከፈቀድክለት ሲነጭ ውሎ ሲነጭ ያድራል። ደመወዙን ራሱ ያወጣል፣ ፊርማ የለ፣ ሰነድ የለ።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ከበላዬ ያሉት ሽማግሌ ሙግት ነው። የእሳቸው ማሳ ተዳፋት ስለሆነ ከባለ ሁለት ጥርሱ ዶማ በቀር የሚደፍረው የለም። ዶማቸውን ተደግፈው ቁልቁል አዩኝና፣

«አንተ ልጅ፣ ፈረሱ ሲያረጅ ምን ልታደርገው ነው?» አሉኝ።

«አሳርፈዋለሁ፣ ጋሼ።»

«በሬስ ሲያረጅ?»

ዝም አልኩ። ጋሞ ለመስቀል በሬ ዓመቱን ሙሉ ገንዘብ የሚያጠራቅም ሕዝብ ነው። ያረጀ በሬ ይደልባል፣ ይታረዳል፣ ለቅርጫ ይደርሳል፤ ጡረታውን የምንበላው እኛ ነን። የፈረስ ጡረታ ግን የሚከፈለው ከኛ ኪስ ነው።

«እንሰቱስ? እበቱን ከየት ልታመጣለት ነው?» ቀጠሉ።

«የፈረሱ ፋንድያ አለ፣ ጋሼ።»

«እስቲ እንሰቱን ጠይቀው።»

እውነቱን ለመናገር፣ ፈረንሳዊው መኮንን እዚህ ቢኖር ለሽማግሌው መልስ አያገኝም ነበር። እኔ ያለኝ መልስ የገበያ ቀን ነው። ያን ቀን ሞፈሩ ይፈታና ጭነት ይጫናል። ጎመን ሲመዘን ቀላል፣ ሲሸከሙት ግዙፍ ነው፤ ሰው በጀርባው አዝሎት ሲወርድ ግማሹ መንገድ ላይ ይጠወልጋል። አባ ጎመን ግን ጠዋት የተቆረጠውን ጎመን ሳይጠወልግ ያደርሰዋል።

ባለፈው የገበያ ቀን ጎህ ሲቀድ በሩን ስከፍት ጋሼ የድንች ጆንያቸውን ደጄ ላይ አስደግፈው ቆመዋል።

«ጋሼ፣ መስቀል ላይ የማይበላ ፈረስ ድንች ይሸከማል እንዴ?»

«እሱን ከፈረሱ ጋር እንጨርሳለን። አንተ ጆንያውን በዚያ በኩል ያዝ።»

«ኪራዩስ?»

«ኪራዩንማ» አሉኝ ጆንያውን ወደ ላይ እየገፉ፣ «መስቀል ሲደርስ በሥጋ እከፍልሃለሁ። የበሬ።»