ለጊዮርጊስ ሰጥቼዋለሁ

የወግዲ ክርስቲያን ተቆጥቶ ነፍሱን አያጎድፍም። ጎረቤቱ ሲያርስ የወሰኑን ድንጋይ አንድ ክንድ ገፋበት እንበል። ዱላ ያነሣል? ኧረ በዐቢይ ጾም! 55 ቀን ወተት አይቀምስም፣ ቅዳሴ ሳይወጣ እህል አይነካም፤ ያቺን አንድ ክንድ ግን ጧት ማታ ያላምጣታል። ቂም ጥሉላት አይደለም፣ ጾም አያስገድፍም።

ከዚያ ደብሩ ደጃፍ ቆሞ ጧፉን ያበራና «ለጊዮርጊስ ሰጥቼዋለሁ» ይላል። ስለ ሃይማኖቱ ሰባት ዓመት መከራ የተቀበለው ሰማዕት በአንድ ክንድ መሬት ጉዳይ ገራፊ ሆኖ ተሾመ ማለት ነው። ደመወዙም ተቆርጧል፦ «ዘንድሮ ካሳየኸኝ ጃንጥላ አገባለሁ።» የጎረቤቱ ላም ገደል ገብታ ከሞተች ሰማዕቱ ሥራ ጀምሯል። በረዶው የጎረቤቱን ጤፍ አጭዶ የእሱንም ስንዴ ከደገመ ግን ያ ሌላ ነገር ነው፤ ፈተና ይባላል፣ ጻድቅ ሁሉ ይፈተናል።

እሑድ ያስቀድሳል። ዲያቆኑ እርስ በርስ ሰላም ተባባሉ ብሎ ሲያዝ ወደ ቀኝ ጎንበስ፣ ወደ ግራ ጎንበስ ይላል። ጎረቤቱ የቆመው ከኋላ ነው፤ በቅዳሴ ሰዓት ወደ ኋላ መዞር ደግሞ ነውር ነው። መባውን አስቀምጦ መጀመሪያ እንዲታረቅ ማቴዎስ ምዕራፍ 5 እንደሚያዝ አያውቅም እንዳትሉ። ሚስቱ ከእኅቷ ስትኳረፍ ጥቅሱን በቃሉ የሚወርድላት እሱ ነው።

ስቅለት ሲደርስ ከቄሱ ዘንድ ቀርቦ ይናዘዛል፤ በጾም ሳያውቅ ቅቤ የነካው ማንኪያ ልሷል። በወይራ ቅጠል ጀርባውን ቸብ ተደርጎ ስግደት ይታዘዝለታል፤ ላቡ እስኪንጠፈጠፍ ይሰግዳል። ቂሙን አይናገርም። ምን ብሎ ይናገር? የእሱ አይደለማ፣ ለጊዮርጊስ ተሰጥቷል።

ይሄ ከዱላ ይሻላል የሚሉ አሉ። እጠራጠራለሁ። ዱላ ይታያል፣ ገላጋይም ዳኛም ይደርስበታል። ለታቦት የተሰጠ ቂም ግን ከመሬቱ ጋር ይወረሳል፤ ልጁ የይዞታ ደብተሩን ሲረከብ ጠቡንም አብሮ ይረከባል። አንድ ማታ አረቄ ቤት ሲገናኙ ሰማዕቱ ዘገየ ብሎ ሥራውን ራሱ ይጨርሰዋል። ከዚያ በኋላ ያለው ደም ነው፣ ዐባይ በረሃ መሸሽ ነው።

ሽማግሌ አልጠፋም። ወሎ ነውና ቄሱም ሼኩም ጋቢያቸውን ተከናንበው ይመጣሉ፤ ጎረቤቱ ድንጋይ ተሸክሞ ከደጅ ይንበረከካል።

«አባቶቼ፣ እኔማ በሆዴ ምንም የለም፤ ነገሩ ግን ከእጄ ወጥቷል» ይላል ባለቂሙ።

«የሰጠኸውን እኔ አስመልስልሃለሁ፣ ልጄ» ይላሉ ቄሱ።

«ስለቱስ፣ አባ? ጃንጥላው ከመካነ ሰላም ተገዝቶ መጥቷል እኮ!»

ጎረቤትየው ድንጋዩን አውርዶ ተመለሰ። በማግስቱ እሱም እዚያው ደብር ሄዶ ጧፍ አበራ።

ጥር 11 ሁለት አዲስ ጃንጥላ በአንድ ታቦት ላይ ተዘረጋ። ሁለቱ ባለስለቶች በግራና በቀኝ ሆነው ያጨበጭባሉ፤ አንዱ ስለ ላሚቱ፣ ሌላው ስለ ስንዴው።